ለ3ኛው ጎል ተጠያቂው ማነው?

3 ለ 2 ተሸነፍን። 5 ለ 0 ቢሆን አንገታችንን ደፍተን ወደየቤታችን እንበተን ነበር። በአንድ ጎል ሲሆን ግን ጥፋተኛ ካልተገኘ እንቅልፍ የለም። አጥቂዎቹ "ሁለት አግብተናል፣ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?" አሉ። ተከላካዮቹ አማካዮቹ ላይ ጣት ቀሰሩ። አማካዮቹ ደግሞ ሁለቱም ላይ። በረኛው ላይ ግን ሁሉም ተስማሙ።

እኔ ተቀያሪ ነኝ። የገባሁት በ85ኛው ደቂቃ ስለሆነ "አንተ ገለልተኛ ነህ፣ ፍረድ" ተባልኩ። ሹመት መቼም ደስ ይላል። ጨዋታው በስልኬ ተቀርጾ ስለነበር ትልቅ ስክሪን ላይ አገናኘሁት። ቀልድ እንዳይመስላቸውም ቅጣት ደነገግሁ፦ ያጠፋው ክፍል የቡድኑን ማሊያ በሙሉ ያጥባል።

የመክፈቻ ንግግርም አደረግሁ። ስለ 1994ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። "ሰው ሁሉ ፍጹም ቅጣት ምቱን የጣልያኑ ባጂዮ ሳተ ይላል። ከሱ በፊት ባሬሲና ማሳሮ መሳታቸውን ማን ያነሳል? ጣልያን ፍጻሜ የደረሰችው በማን ጎሎች ሆነና!" በረኛችን እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

የመጀመሪያው ጎል የአማካዮቹ፣ ሁለተኛው የተከላካዮቹ ጥፋት ነበር። ቶሎ ጨረስኳቸው። ነገር ያለው በ89ኛው ደቂቃ የገባው ላይ ነው።

"ኦፍሳይድ ነው! መስመር ዳኛው ነው የበላን!" ብለው ተከላካዮቹ ብድግ አሉ። ምስሉን አቆምኩት። እውነትም አጥቂያቸው ከተከላካዮቻችን ሁሉ ሁለት ሜትር ያህል አልፎ ቆሟል። ታዲያ ዳኛው ለምን አጸደቀው?

እውቀቴ የገነፈለው እዚህ ጋ ነው። "ሕግ 11!" አልኩ። "ያለ ዳኛ ፈቃድ ከሜዳ የወጣ ተከላካይ፣ ለኦፍሳይድ ሲቆጠር ግብ መስመሩ ላይ እንዳለ ነው፤ አጥቂው እሱን አላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የኛ ሰው ውጪ ነበር ማለት ነው። እሱን ሰውዬ ይቅርታ አላውቅለትም!"

"ማነው?" አለ በረኛው።

ምስሉን አሳደግሁት። ከግቡ ቋሚ ጀርባ አንድ ሰው በርከክ ብሎ የታኬታውን ክር ያስራል። ፊቱ አይታይም። የማሊያው ቁጥር ግን ቁልጭ ብሏል፦ 17።

የለበስኩትን ማሊያ ገና አላወለቅሁም ነበር።

"ባትሪ ጨርሷል" ልል አሰብኩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ 80 ከመቶ ይላል። "በዝግታ ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ኳሷ መረብ ስትነካ እኔ ሁለተኛውን እግሬን ጀምሬያለሁ።

"ተቀያሪ እኮ ክፍል አይደለም" ብዬ ይግባኝ አልኩ። ዳኛው ራስህ ነህ፣ ለማን ነው ይግባኝ የምትለው ተባልኩ።

14 ማሊያ ተቆጥሮ ተሰጠኝ። በረኛው ጓንቱንም ጨመረበት።