የቲዩብ አምፕሊፋየሬን ጉርምርምታ ከፊላመንቱ ጀምሬ እንዴት አጠፋሁት

በቲዩብ አምፕሊፋየር ሥራ ስለ ካፓሲተር ዓይነት ብዙ ይወራል፤ ፊላመንት (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያሞቀው ሽቦ) ግን ሙቀት እስከሰጠ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ በሠራሁት ስቴሪዮ ላይ ጸጥታውን የወሰነው እሱ ነበር።

አምፕሊፋየሩ በመውጫው አራት ኢኤል34፣ በመግቢያው ሁለት 12ኤኤክስ7 የተባሉ ቲዩቦች አሉት። አንድ ኢኤል34 በ6.3 ቮልት 1.5 አምፒር ይወስዳል፤ አራቱ ብቻ 6 አምፒር ይሆናሉ። ይህን ያህል ተለዋዋጭ ኮረንቲ የተሸከመ ሽቦ በግሪድ (ምልክቱ በሚገባበት የቲዩቡ ክፍል) አጠገብ እንዲያልፍ መፍቀድ አይገባም። ሁለቱን ሽቦዎች አጥብቄ ገመድኳቸው፤ የሻሲውን (የብረት አካሉን) ጥግ አስይዤ ወደ ሶኬቱ በአጭሩ አስገባኋቸው። የትራንስፎርመሩ ጥቅል የመሐል መውጫ ስላልነበረው ከሁለቱ ጫፎች ባለ 100 ኦም ሬዚስተሮች አውጥቼ መገናኛቸውን ከሻሲው ጋር አሰርኩት። ጉርምርምታው ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቀጣዩ እርምጃ ነው። የጋለ ፊላመንት ራሱ ኤሌክትሮን ይረጫል። ካቶዱ (ፊላመንቱ የሚያሞቀው፣ ኤሌክትሮን አመንጪው የቲዩቡ ክፍል) ከእሱ በቮልቴጅ ከበለጠ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ካቶዱ ይሳባሉ፤ የመስመሩም ድግግሞሽ አብሯቸው ይገባል። ስለዚህ የሬዚስተሮቹን መገናኛ ከሻሲው ፈትቼ፣ ከከፍተኛው ቮልቴጅ በሬዚስተሮች ከፋፍዬ ባገኘሁት 40 ቮልት ገደማ ላይ አሰርኩት፤ ነጥቡንም በካፓሲተር አረጋጋሁት። ድምፅ ማጉያው ላይ ጆሮ ካልለጠፉ በቀር የሚሰማ ነገር አልቀረም። ይህን የሚሞክር ሰው በፊላመንትና በካቶድ መካከል የተፈቀደውን ቮልቴጅ ከቲዩቡ መግለጫ ላይ አስቀድሞ ይመልከት።

ቀጥተኛ ኮረንቲ ያስገባሁት ለ12ኤኤክስ7ዎቹ ብቻ ነው። ከ6.3 ቮልት ጥቅል ኤልኤም317 ሬጉሌተርን (ቮልቴጅ የሚያረጋጋውን ክፍል) ማሠራት አይቻልም፤ የቮልቴጁ ከፍታ 8.9 ቮልት ገደማ ቢደርስም ኮረንቲውን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይሩት ዳዮዶች ወስደውለት ለሬጉሌተሩ የሚተርፈው አይበቃም። በ15 ቮልት ጥቅል፣ በ4 እና በ5 ቁጥር እግሮች መካከል 12.6 ቮልት ሰጠኋቸው፤ እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ የሚወስደው 150 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ካፓሲተሩ የሚሞላው በአጫጭር ምት ስለሆነ ጥቅሉ ሁለቱ በአንድነት ከሚወስዱት እጥፍ ገደማ መቻል አለበት። ለኢኤል34 ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ እዚያ ሲደርስ ምልክቱ ጠንክሯል።

ቮልቴጁን የምለካው ቲዩቡ ከሞቀ በኋላ፣ በሶኬቱ እግሮች ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ጋ 6.3 የሚያሳይ መለኪያ፣ ሽቦው ከቀጠነ እዚህ ዝቅ ብሎ ይገኛል።