የጅማ አባ ጅፋርን ዘመናት ከደጋፊው አፍ እንዴት እንደሰበሰብኩ

ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት። ከዚያ በፊት ዋንጫው ለአራት ተከታታይ ዓመታት ከቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ አልወጣም ነበር። በዚያ ዓመትም ሁለቱ ቡድኖች በነጥብ እኩል ጨርሰው የለያቸው የግብ ልዩነት ነው። አሰልጣኛችን ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢም የእኛው ናይጄሪያዊ ኦኪኪ አፎላቢ ሆነ። ይህን የፈለገ ሰው ከመዝገብ ያገኘዋል። ያ ዓመት በሂርማታ ገበያ፣ በአጂፕ፣ በፈረንጅ አራዳ፣ በቆጪ እንዴት እንዳለፈ ግን የትም አልተጻፈም። እኔ ይህን ፍለጋ ከተማችንን ሰፈር ለሰፈር ዞሬያታለሁ። በሌላ ከተማ የቡድኑን ትዝታ ለመሰብሰብ የሚያስብ ደጋፊ ካለ መንገዱ እንዲያጥርለት የሠራሁበትን ሁኔታ ልንገረው።

ያነሳሳኝ ቁጭት ነው። ቡድኑ በ2014 ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ በኋላ ወሬው እየቀዘቀዘ ሄደ። በየስልኩ የነበረው ቪዲዮ ስልኩ ሲሰበር አብሮ ጠፋ። ዋንጫው ሲመጣ በእናቱ ጀርባ ላይ የነበረ የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን «ጅማ ዋንጫ በልታ ታውቃለች እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም። ያን ዓመት ያየ ሰው በሕይወት እያለ፣ ያውም በእግር ተሂዶ በሚደረስበት ርቀት ላይ እያለ፣ ትዝታው እንዲህ በቀላሉ መበተን አልነበረበትም።

ሥራው የተጀመረው ከጀበና ቡና ቤቶች ነው። ጅማ ውስጥ ሰው ሲኒ ይዞ የማያወራው ነገር የለም፤ ኳስ ደግሞ ሁልጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ወሬዎች አንዱ ነው። ያም ሆኖ «ስለ 2010 ዋንጫ ንገረኝ» ብሎ መጀመር ብዙ አያስኬድም። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ራሱን እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ አስተካክሎ «ቡድኑ ጥሩ አንድነት ነበረው፣ አሰልጣኙም ጎበዝ ነበር» ይልና ይጨርሳል። እውነት ነው፤ ግን የእሱ ትዝታ አይደለም። «ከማን ጋር ነበር የምትገባው? የት ነበር የምትቆሙት? ዝናብ ሲመጣ ምን ታደርጉ ነበር?» ስለው ግን ፊቱ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ እኔ ዝም ብዬ መስማት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲህ ተጠይቆ ከወንድሙ ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠልለው ስላዩት ጨዋታ አወራኝ። ማን እንዳገባ አያስታውስም። ጎሉ ሲገባ ላስቲኩን ጥለው እንደዘለሉና እስከ ቤታቸው በስብሰው እንደሄዱ ግን ሰዓቱን ሳይቀር ይናገራል። ወንድሙ አሁን ጅማ ውስጥ አይኖርም። ያቺን ቅጂ ላክሁለት፤ መልሶ የራሱን ትዝታ በድምፅ ቀርጾ ላከልኝ፤ የሁለቱ አንድ ላይ ሲሰማ ያን ቀን እንዳለ ያመጣዋል።

ከሁሉም በላይ ብዙ የተማርኩት ከማይጠየቁ ሰዎች ነው። በስታዲየሙ በር አካባቢ ቆሎና ለውዝ ይሸጡ የነበሩ አንዲት እናት አሉ። ውስጥ ገብተው አንድም ጨዋታ አላዩም። «እትዬ፣ እርስዎ ስለ ቡድኑ ምን ያስታውሳሉ?» ስላቸው መጀመሪያ «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ!» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ግን የዓመቱን አካሄድ ከሽያጫቸው ቆጠሩልኝ፦ ዓመቱ ሲጀመር ሰው እንዴት እንደነበር፣ ወሬው «ዋንጫ ልንበላ ነው» ወደሚል ሲለወጥ ከየወረዳው የሚመጣው ሰው እንዴት እንደበዛ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ደጋፊው ሳይገዛ አንገቱን ደፍቶ እንደሚያልፍ፣ ሲያሸንፍ ደግሞ መልስ እንኳ ሳይቀበል እንደሚሮጥ። የውጤት ሰንጠረዡን አጠገቡ አድርጌ ስሰማው የእሳቸው ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ትዝታ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ በር ላይ ከቆሙት ቢጀምር እመክረዋለሁ፤ ነጋዴው፣ ፈታሹ፣ ጫማ ጠራጊው፣ ሜዳውን የሚያጭዱት።

ስለ መጨረሻው ቀን ሁሉም ሰው የሚያወራው አለው። ዋንጫውን የሚወስነው የግብ ልዩነት ስለነበር ደጋፊው የእኛን ጎል እየቆጠረ ጆሮውን ወደ ጊዮርጊስ ጨዋታ አድርጎ ነበር የዋለው። አንዱ ወሬውን የሰማሁት ከሬዲዮ ነው ይላል፤ ሌላው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደውሎልኝ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይሰማ ከፊት ያለው ሰው ሲያለቅስ አይቶ እንደገባው ይናገራል። አንዳንዱ ነገር ጨርሶ አይገጥምም፤ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሁለት ጓደኛሞች የጎሎቹን ቅደም ተከተል ለየቅል ይናገራሉ። እኔ ማንንም አላረምኩም። በመዝገብ የሚረጋገጠውን በሌላ ቀለም ጎን ላይ አሰፍራለሁ፤ ሰውየው ያለውን ግን እንዳለው እተወዋለሁ። ለማስማማት ስሞክር የሚጠፋው ዋናው ነገር መሆኑ ወዲያው ነው የታየኝ። ሁለቱ ሰዎች ያን ሰዓት የኖሩት ለየብቻቸው ነው፤ የሚሰበሰበውም እሱ ነው።

ለብቻ ማናገርንና በቡድን ማናገርንም ለይቼ እይዛለሁ። በቡድን ሲሆን ጭፈራው ይመጣል፤ በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ፣ መሀል ላይ ማንም የማይገባው ጩኸት ያለበት፣ ከበሮ በሌለበት ጠረጴዛ የሚደበደብበት። ያን የሚያስታውሰው አንድ ሰው አይደለም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፤ ለብቻው የተጠየቀ ሰው ሁለት ስንኝ ላይ ይቆማል። በሌላ በኩል ሰው ያዘነበትን ነገር በጓደኞቹ ፊት አይናገርም። ስለዚህ አስቀድሜ ለየብቻ፣ ቀጥዬ በአንድ ላይ፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ኃይለኛው ተናጋሪ የሌላውን ትዝታ ይሸፍነዋል።

በጣም ያስቸገረኝ አባ ቡና ነው። ከ2010 በፊት ጅማን በፕሪሚየር ሊጉ ይወክል የነበረው ጅማ አባ ቡና እንደነበር ብዙ ሰው ከከተማው ውጭ አያስታውስም። በ2009 አባ ቡና ወረደ፤ በዚያው ዓመት ጅማ ከተማ የሚባለው ሌላው ቡድናችን ከከፍተኛ ሊግ አደገ፤ ቀጥሎም አባ ጅፋር በሚለው ስም ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። ከተማው በአንድ ክረምት አልቅሶ በዚያው ክረምት ሳቀ። ግን የሳቀውና ያለቀሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። አባቱ በአባ ቡና ጸንቶ ልጁ ወደ አባ ጅፋር የሄደበት ቤት አለ፤ የዋንጫው ቀን አብረው ቢጨፍሩም አባትየው እስከ ዛሬ «የእኔ ቡድን አይደለም፣ የከተማዬ ነው እንጂ» ይላሉ። እኚህን አባት ሳነጋግር ትልቅ ነገር ተማርኩ፦ ስለ ውድድር ዘመን ከመጠየቅ በፊት «የማን ደጋፊ ነዎት?» ማለት። አለበለዚያ የአባ ቡናና የአባ ጅፋር ትዝታ ይደባለቃል፤ የአንዱ ኀዘን በሌላው ደስታ ስር ተቀብሮ ይቀራል። አሁን ሁለቱን በተለያየ ማህደር ነው የማስቀምጠው።

ከእሳቸውም የሚበልጡ አሉ፤ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ኳስ ያዩ ሽማግሌዎች። እነሱ ዘንድ ስሄድ በዓመተ ምሕረት አልጠይቅም። «ጋሼ፣ ያኔ ደርግ ገብቷል? ልጅ ወልደዋል? ቤቱን ሠርተዋል?» እያልኩ በራሳቸው ሕይወት ነው ዘመኑን የምለካው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ከዓመት ቁጥር ይልቅ ይታመናል።

የ2011 ትዝታ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ አለ። የጅቡቲውን ቴሌኮም አልፈን ከግብጹ ኃያል ክለብ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘን፤ ግብጽ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፍን፤ በድምር ወደቅን። አል አህሊን ማሸነፍ! ይህን የሚናገር የጅማ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ተቀምጦ የነገረኝ ሰው ትዝ አይለኝም። በሌላ በኩል ገብረመድህን ኃይሌ አለ፤ በ2011 መቐለ 70 እንደርታን ይዞ የሊጉን ዋንጫ ደገመው። አንዳንዱ ደጋፊ «እኛ ጋር የጀመረውን ነው እዚያ የጨረሰው» ብሎ ይኮራል፤ አንዳንዱ ደግሞ እስካሁን አፉ አይታዘዝለትም። የ2012 አጭር ነው። ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ ዋንጫም የወሰደ የለም፤ ሰውም ከኳሱ ይልቅ ስለ በሽታው ነው የሚያወራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ብዙ አሳስቦኛል። በ2013 ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ፤ ዲኤስቲቪም በቀጥታ ማስተላለፍ ያዘ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበር። የሀገሪቱ ቡድኖች ሁሉ ወደ ከተማችን መጡ፤ በኮሮናው የተነሳ ግን ደጋፊው እንደልቡ መግባት አልቻለም። አንድ ወጣት ቤቱ ለስታዲየሙ ቅርብ ስለሆነ የፊሽካውን ድምፅ በቀጥታ ይሰማ እንደነበርና ጎሉን ግን በቴሌቪዥን ጠብቆ ያይ እንደነበር ነግሮኛል። ቡድኑ በዚያ ዓመት ከታች ጨርሶ የተረፈው በማሟያ ውድድር ነው። በ2014 ደግሞ ጨዋታዎቹ በሌሎች ከተሞች ተካሄዱ፤ የወረድነውም በዚያው ዓመት፣ ከደጋፊያችን ርቀን ነው።

የእነዚህን ዓመታት ትዝታ ስጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ያሳየኝ ነበር። ያው ሰው የ2010ን ሲያወራ አያቆምም። ስለ ቡድኑ ግድ አጥቶ አይደለም፤ ስንወርድ ያለቀሱትን ራሴ አይቻለሁ። የሚይዝበት ነገር አጥቶ ነው። አብሮት የሚቆም ሰው፣ የሚያርሰው ዝናብ፣ ከሥራ አምልጦ የሚመጣበት መንገድ፣ ከጨዋታው በኋላ የሚገባበት ቡና ቤት አልነበረውም። ሜዳ ያልገባ ደጋፊ ውጤቱን ያውቃል እንጂ ዓመቱን አልያዘውም። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ አገኘሁ የምለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የሊጉን የጨዋታ ቦታ የሚወስኑ ሰዎችም ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ቴሌቪዥኑ ለክለቡ ገቢ አምጥቷል፤ አልክደውም። ግን አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ ርቆ ሲጫወት ከተማው የሚያጣው የትኬት ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለእነዚህ ዓመታት ጥያቄዬን ቀየርኩ። ስለ ስታዲየሙ መጠየቅ ትቼ ስለ ማሳያ ቤቶች ጠየቅሁ፤ ማን ቤት ታዩ ነበር፣ አብሯችሁ የሚቀመጠው ማን ነበር፣ መብራት ሲጠፋ የት ትሮጡ ነበር። ቀስ በቀስ መጣ። የመውረዳችን ቀን አንድ ማሳያ ቤት ውስጥ የነበሩ ልጆች ጨዋታው አልቆ ሂሳብ ሲጠይቁ ባለቤቱ አልቀበልም እንዳላቸው ከሦስት ሰው ሰማሁ፤ ባለቤቱን ራሱን ስጠይቀው ግን አንገቱን ነቅንቆ ወሬ ቀየረ።

ስለ መቅጃው አጭር ነገር ልበል። ተራ ስልክ ይበቃል። ጠዋት ላይ የጀበና ቤቱ ሳይሞላ መሄድ፤ ስልኩን ከሲኒው ማራቅ፤ ከመጀመር በፊት ፈቃድ ጠይቆ ፈቃዱንም በድምፅ ማስቀረት፤ ስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግ ካለ ስሙን ከፋይሉ ላይ አለመጻፍ። ፎቶ በቴሌግራም ሲላክልኝ እንደ ፋይል እንዲላክ እጠይቃለሁ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል፤ የማልያው ጽሑፍ እንኳ አይነበብም። ሁሉንም በሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ በሌላ ደጋፊ ቤት። ከዚህ በላይ መሣሪያ አላስፈለገኝም።

ሰፈር ውስጥ በጨርቅ ኳስ «እኔ ኦኪኪ ነኝ!» እየተባባሉ ይጣሉ የነበሩት ልጆች አሁን ጎርምሰዋል። ሁለቱን አግኝቻቸው ቀርጫለሁ፤ ሦስተኛው ግብ ጠባቂያችንን ዳንኤል አጄይን ይሆን የነበረው ነው፤ እሱን ገና እየፈለግኩት ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎድለኝ ግን የ2009 አባ ቡና ነው፦ ፎቶ፣ የተቀዳደደ ማልያ፣ የጭፈራ ቪዲዮ፣ የመጨረሻዎቹን ጨዋታዎች ያየ ሰው። በሚሞሪ ካርድ ውስጥ የተረሳ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ የአባ ቡና ሰው የሆኑ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና ከማን ጋር ይገቡ እንደነበር ጠይቋቸው። ስልካችሁንም አብሩት።