እጅ ሳናስነሳ

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። «ቲቸር፣ ካምፑ ዘንድሮም ቢሾፍቱ ነው?» «ፍራሽ ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያ አለ?» «ልጄ መብራት ካልበራላት እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ምን ይሻላል?» የመጨረሻውን የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ባትሪ ስጧት፣ ሌላውን ለእኛ ተዉት።

በሥራ ቀናት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት አገልግሎት አስተምራለሁ። ነሐሴ ላይ የዓመት ፈቃዴን አወጣና፣ ከሌሎች አስተማሪዎች ጋር ስልሳ የሚጠጉ ልጆች ይዘን ወደ ቢሾፍቱ እንወርዳለን። ዕድሜያቸው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ነው። ባለቤቴ «አሁን ይሄ ዕረፍት ይባላል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አይባልም።

ቢሾፍቱ የተመረጠው በቅርብነቱ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ክረምቱም እንደ እኛ ከተማ አያንቀጠቅጥም። ሐይቅ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባቦጋያን ከላይ ሆነን እናሳያቸዋለን። መዋኘት ክልክል ነው፤ ማየት ብቻ። ሐይቁ የተኛበት ጉድጓድ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ መሆኑን ስንነግራቸው ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ይላል። አንዱ «ታዲያ እግዚአብሔር ነው ያፈነዳው?» አለኝ። «አንተ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሰው ካልነበረ እሺ» አለ።

እዚያ ማስተማር አንድ ጣጣ አለው። አየር ኃይሉ ከተማው ውስጥ ነው። የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ ጀምረሽ፣ ድንጋዩ ከወንጭፉ ሊወጣ ሲል ጀት በላያችሁ ያልፋል። ልጁ ሁሉ ወደ መስኮት ይሮጣል። ከጀት ጋር መፎካከር ሞኝነት ስለሆነ እኔም አብሬ ወጥቼ አያለሁ። ጎልያድ እንደሆነ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የመጨረሻው ምሽት።

የሕፃናት ካምፕ ያየ ሰው ያውቀዋል። እሳት ይነዳል። ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይጫወታል። መዝሙሩ እየረጋ ይሄዳል። ሰባኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጌታን መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሱ» ይላል። አንዷ ታነሳለች። ጓደኛዋ በጣቶቿ መሃል አጮልቃ ታይና እሷም ታነሳለች። ከዚያ በኋላ የማያነሳ ማን አለ? ማልቀስም ይጀመራል። የሚያለቅሱት ግማሾቹ እናታቸው ናፍቃቸው ነው። ግማሾቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ነው። በዚያ መሃል ከልቡ የሚያለቅስም ይኖራል፤ ግን በዚያ ጨለማና በዚያ ሙዚቃ ማን ከማን ይለያል? ከኋላ አንድ ሰው ይቆጥራል። ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ልጆች ጌታን ተቀበሉ» ተብሎ ይጻፋል፣ ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ይላል።

እኔ ቁጥር እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ይሄኛውን ቁጥር ግን አላምነውም። የማውቀው አንድ ልጅ አለ፣ በየካምፑ ጌታን ይቀበላል። ዕድሜው አሥራ አንድ፣ የዳነው አራት ጊዜ። አንድ ቀን ሳህን እያደራረቅን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ካላነሳሁ ሰባኪው ያዝናል ብዬ ነው» አለኝ። ይሉኝታ ማለት ነው። በዚህ አገር ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት «አይ» ማለት እንደማይችል እያወቅን፣ ያንኑ ይሉኝታውን እምነት ብለን እንመዘግባለን።

ልጅ ማመን አይችልም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከእኛ የተሻለ ይችላል። ደቀ መዛሙርቱ ልጆቹን ሲመልሱ ጌታ እንደተቆጣባቸው ማርቆስ 10 ላይ ተጽፏል። ግን የተባልነው አትከልክሏቸው ነው። ግፏቸው አልተባልንም።

ስለዚህ ከአስተማሪዎቹ ጋር ተነጋግረን ለወጥነው። እሳቱ አለ። መዝሙሩም አለ። ኪቦርዱ ግን አዲስ አበባ ይቀራል። ታሪክ እንነግራቸዋለን፣ እንጸልያለን፣ ወደ ፍራሽ። ከመበተናቸው በፊት አንድ ማስታወቂያ ብቻ፦ «ነገ ጠዋት ከቁርስ በፊት እኔ ግቢው መሃል ካለው ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ስለ ኢየሱስ ማውራት የሚፈልግ ይምጣ።» ዛፉ የተመረጠው ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚታይ ነው። እኛ ጋ ማንም አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም፤ ለጸሎትም ቢሆን። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የነሐሴ ጠዋት ብርድ የዋዛ አይደለም። ብርድ ልብሱን ጥሎ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ ጓደኞቹ ተኝተው ሳለ የሚመጣ ልጅ ጉዳይ አለው። ጥቂቶች ይመጣሉ። አንዷ «የሞተው ውሻችን ሰማይ ቤት ይገባል?» ልትለኝ ነው የመጣችው። አንዱ ሻይ ቀድሞ የሚደርሰው መስሎት ነበር። አንዱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አባዬና እማዬ ሲጣሉ እጸልያለሁ፣ ግን አያቆሙም፤ ሰምቶኛል?» አለ። ከዚህ ልጅ ጋር ያወራሁት የትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም። አብረን የጸለይነውም ረጅም አልነበረም።

ምሽት ላይ ከምንነግራቸው ታሪኮች ሁሉ የምወደው 1ኛ ሳሙኤል 3ን ነው። ልጆቹ ፍራሻቸው ላይ እንዳሉ መብራቱን እናጠፋለን፤ አንዳንዴ እንዲያውም መብራት ኃይል ራሱ ያግዘናል። አንድ አስተማሪ ዔሊ ሆኖ ቀጥሎ ካለው ክፍል ይተኛል። አንድ ልጅ ሳሙኤል ይሆናል። ስሙ ሲጠራ ይነሳና በጨለማ ሮጦ «እነሆኝ፣ ጠርተኸኛልና» ይላል። ዔሊም እያዛጋ «አልጠራሁህም፣ ተመለስና ተኛ» ይለዋል። ሦስተኛው ላይ ሳቁ ጣራ ያነሳል። ከዚያ ታሪኩን እዚያው እንተወዋለን። «እናንተም እንደ ሳሙኤል...» የምትለዋን ማሳረጊያ ከልክለናል። ለአዲስ አስተማሪዎች ይህ ከባድ ነው፤ ምላሳቸው ይበላቸዋል። ግን ማሳረጊያውን ካልሰጠናቸው ጥያቄው ከእነሱ ይመጣል። አንዷ በጨለማው ውስጥ «እግዚአብሔር ለምን በዔሊ ድምፅ ጠራው?» አለች። እኔ ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሳሙኤል የሰማው ድምፅ የዔሊ እንደመሰለው አስቤበት አላውቅም ነበር። አጠገቧ የተኛችው ልጅ መለሰችላት፦ «የሚያውቀው ድምፅ ካልሆነ ይፈራላ!»

በዚህ አገልግሎት ውስጥ ቀድመውን ያለፉትን ማንበብ ደስ ይለኛል። ጆሲያ ስፓየርስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1868 ዌልስ ውስጥ ላንዲድኖ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ሽርሽር ላይ ሳለ ልጆችን አገኘ። ስብከት አልጀመረም። አሸዋው ላይ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብሎ ጻፈና ፊደሎቹን በዛጎልና በድንጋይ እንዲያስጌጡ ጋበዛቸው። ታሪኩን የነገራቸው እጃቸው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። እኛ አሸዋ የለንም፤ ጭቃ ግን ሞልቷል። በጠጠርና በቅጠል ግቢው ላይ እንጽፋለን። በማግስቱ ዝናብ ያጥበዋል፣ እንደገና ይጽፉታል። ፊደል የሚገድፉም አሉ፤ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጆች አማርኛ ሲጽፉ ማየት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው።

የዶቃ አምባሩን ግን እንደ ወረደ አልተቀበልነውም። ብዙዎቻችሁ ሠርታችሁት ይሆናል፤ ጥቁሩ ኃጢአት፣ ቀዩ የክርስቶስ ደም፣ ነጩ ንጽሕና፣ ወርቃማው ሰማይ፣ አረንጓዴው እድገት። ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሰባኪ ስፐርጀን እ.ኤ.አ. በ1866 ለንደን ላይ ሦስት ቀለም ብቻ ባለው ጽሑፍ አልባ መጽሐፍ፣ ማለትም ፊደል በሌላቸው ባለቀለም ገጾች፣ ሰበከ፣ አሜሪካዊው ወንጌላዊ ሙዲ በ1875 ወርቃማውን ጨመረበት፣ አረንጓዴው ከዚያ በኋላ መጣ። በትምህርቱ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ጠየም ያለ ልጅ ፊት ቆሜ ጥቁር ዶቃ ይዤ «ይህ ኃጢአት ነው» አልልም። ቤት ውስጥ «ቀይዋ» እና «ጥቁሯ» እየተባሉ በመልካቸው የሚጠሩ እህትማማቾች ያሉበት አገር ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ዶቃ አወጣንና ክሩን ራሱን ቋጥረን እንሰጣቸዋለን። ቋጠሮው ካልተፈታ ዶቃ አይገባም። ይታገላሉ፣ በጥርሳቸው ይሞክራሉ፣ የባሰ ያጠብቁታል። በመጨረሻ «ቲቸር ፍቺልኝ» ይመጣል። ያኔ ስለ ኃጢአት ማውራት ይቻላል።

ካምፓችን ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ልጆቹ የሰፈር ጓደኛ መጋበዝ ይችላሉ፤ ወላጅ አውቆ ከፈረመ። አንድ ጊዜ የመጣው እንግዳ ልጅ ጿሚ ነበር። እስከ ምሳ ምንም አይቀምስም፣ ሲበላም የጾም ብቻ። ለሁሉም ቁርስ እንጀራ ፍርፍርና እንቁላል ሲታደል እሱ ኳስ ይዞ ውጭ ይጠብቃል። «እሱ ለምን ይጾማል? እኛ ለምን አንጾምም?» የሚል መጣ። ራሱ እንዲነግራቸው ጠየቅኩት። «ለእመቤታችን ነው። አያቴም እኔም እንጾማለን» አለ፣ ኮራ ብሎ። እኔ ደግሞ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጾምን እንዴት እንደምታይ ነገርኳቸው። ከዚያ አላለፍኩም። እናቱ ስትፈርምልኝ ልጇን አምና ሰጠችኝ እንጂ ልታስለውጠው አልላከችውም። በማግስቱ አብረውት የሚያድሩት ልጆች ተማክረው የአሥር ሰዓቱን ብስኩት «ጾመናል» ብለው መለሱ። ማታ ግን በሉት። ቡሄ ዕለት የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በራችን ላይ ሲመጡ ግጥሙን ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ስለ እማማም ሳልናገር ላልፍ አልችልም። ወጥ ቤታችንን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ እሳት ሊያያይዙ ሲወጡ አንድ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ብርድ ልብሱን አቅፎ ቆሞ ያገኙታል። ፍራሹን አርጥቦ ነበር። ምንም አልጠየቁትም። ወደ ማዕድ ቤት ወሰዱት፣ ምድጃ ዳር አስቀመጡት፣ ከመጠባበቂያው ሻንጣ ደረቅ ሱሪ ሰጡት፣ ሽንኩርት እንዲልጥላቸውም ለመኑት። ከቁርስ በኋላ ፀሐይ ብልጭ ስትል እማማ ግቢው መሃል ቆመው «ልጆቼ፣ ዛሬ ፀሐይ አግኝተናል! ፍራሽ ሁሉ ይውጣ፣ ይናፈስ!» አሉ። በአንድ ጊዜ ሣሩ ሁሉ ፍራሽ ሆነ። የራሱን ከሌላው የለየ የለም። እኔ የሰማሁት ከልጁ እናት ነው፣ ካምፑ ካለቀ በኋላ። እማማ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላሉም። የዚያን ዕለት እኔ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ኮሚቴው አሁንም በየዓመቱ ይጠይቀኛል። «ስንት ልጆች ጌታን ተቀበሉ?» ሪፖርቱ ላይ ያንን ሳጥን ባዶ እተወዋለሁ። የመጡትን ልጆች ቁጥር፣ ወጪውን፣ የተረፈውን ዘይትና ምስር ሳይቀር በዝርዝር አቀርባለሁ። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ፍሬው በምን ይታወቃል?» ብለውኝ ነበር። «መስከረም ላይ ወላጆቻቸውን ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። በቀልድ አልነበረም፤ ከካምፑ በኋላ ለየቤቱ እንደውላለን። ዘዳግም 6 በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድም ስትሄድ፣ ስትተኛም ስትነሣም ለልጆችህ ተናገር የሚለው ለወላጅ ነው፣ ለካምፕ አስተማሪ አይደለም። እኛ ብንበዛ አጋዥ ነን።

አምና ከደወልኩላቸው እናቶች አንዷ ስልኩን ያነሳችው እየሳቀች ነው። «ቲቸር፣ ልጄን ምን አድርጋችሁ ነው የላካችሁልኝ? ማዕድ ላይ እኔ ልጸልይ ብላ ታስቸግራለች። ዘመድ አዝማዱን በስም ትጠራለች፣ የጎረቤቱን ድመት ሳይቀር። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ አባቷ ደግሞ ከሥራ ርቦት ነው የሚገባው።»

«ጸልያ ስትጨርስ ወጡን አውጪዋ» አልኳት።