ሐረጎን ከሚንኳኳ ሞተር ጋር

ደሴ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ፒክ አፔን ሳስነሳት ከፊት በኩል ቀጨጨጨጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ለዘብ አለች እንጂ ዝም አላለችም። አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሞተሯ ባለካርቡራተሩ 22አር። የኋላ ሳንቃዋን በብየዳ አሰርቼ፣ ከፍ አስደርጌ፣ ትልልቅ ጎማ ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ስትታመም ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል።

ያሳየሁት ልጅ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ብሮንዚን ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ብሮንዚን ከሞተሩ ታች፣ የሚሽከረከሩት ዘንጎች የሚያርፉበት ስስ ብረት ነው። ሞተር ሲወርድ ኪስም አብሮ ይወርዳል።

ኮምቦልቻ ጎበዝ ሽማግሌ መካኒክ አሉ ሲሉኝ ቁልቁል ነዳሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የሚያቋርጠው የሐረጎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። በሁለተኛ ማርሽ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጥቼ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ።

ሽማግሌው ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አድርገው የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ ነቀሉ፣ መለሱ። «ብሮንዚን ቢሆን የታመመው ሲሊንደር ሲጠፋ ድምፁ ይለዝባል» አሉኝ። አራቱም ተሞከሩ፤ ድምፁ ያው። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አነሱ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ። ከታች ደህና ነው። ፊት ለፊት፣ የካቴናው (የሞተሩን የታችና የላይ ዘንግ የሚያገናኘው ሰንሰለት) ክዳን ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ና ስማ።»

ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ።

የላይኛውን ክዳን ፈትተው በስልኬ መብራት አሳዩኝ። ካቴናውን የሚመራው ፕላስቲክ ተሰብሯል። መወጠሪያው የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ ጠዋት ዘይቱ እስኪደርስ ካቴናው ይላላል፤ ያ ነው ሰፈር የሚቀሰቅሰው። የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው አሉ። ዘይቱን በጣታቸው አሹት። ወተት አልመሰለም። ካቴናው የፊት ክዳኑን በስቶ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከዘይት ቢቀላቅል ኖሮ ብሮንዚኑም እውነትም ይሄድ ነበር።

«አብሽር፣ በጊዜ መጥተሃል።»

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በሚኒባስ ደሴ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ተመልሼ የወረደውን የፊት ክዳን አየሁት። ካቴናው አሉሚኒየሙን ጥፍር እስኪያስገባ ፍቆታል።

ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ የሚንኳኳው የኋላ ሳንቃው ብቻ ነበር። እሱ የራሴ ሥራ ነው።