የበሽታው ስም አይበቃም፦ ከባድ አካል ጉዳትና የዩኒቨርሳል ክሬዲት የሥራ ብቃት ምዘና

በብሪታንያ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ወይም ለማይሠሩ ሰዎች መንግሥት የሚከፍለው ድጎማ) የሚቀበል ሰው ሥራ ፈልግ እንዳይባል የሚያደርገው ምን በሽታ እንዳለበት ሳይሆን ምን ማድረግ እንደማይችል ነው። አብዛኛው ጥያቄ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የምርመራ ደብዳቤ አያይዘው ቅጹን በ«አልችልም» ብቻ የሚሞሉ ብዙ ናቸው፤ «አልችልም» ያለ ዝርዝር ደግሞ ለመዛኙ ምንም አይነግረውም።

መነሻው ከጂፒ (ከቤተሰብ ሐኪም) የሚገኘው ፊት ኖት፣ ማለትም ሕመሙ ሥራን እንደሚያስተጓጉል የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው። ተጨማሪ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ያለው የሦስት ወር የመጠበቂያ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ማስረጃው ከቀረበበት ቀን ስለሆነ ዘግይቶ ማስገባት ገንዘብ ያስቀራል። ውሳኔው እስኪመጣም ፊት ኖቱ መቋረጥ የለበትም። ቀጥሎ ዩሲ50 የሚባለው መጠይቅ ይላካል፤ የመመለሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ መሥራት ይችላል፣ የመሥራት አቅሙ ውስን ነው፣ ወይም ለሥራ ዝግጅትም ጭምር አቅሙ ውስን ነው። ለሁለተኛው 15 ነጥብ ያስፈልጋል። ከግዴታ ሁሉ ነጻ የሚያወጣውና ተጨማሪ ክፍያ ያለው ሦስተኛው ሲሆን ነጥብ አይቆጠርለትም፤ ምን ማድረግ አለመቻልን እንደሚያሳዩ በደንቡ ከተዘረዘሩት መግለጫዎች አንዱን ማሟላት ይበቃል። ለምሳሌ ከባድ ሕመም ወይም ድካም ሳይሰማ ሳያቋርጡ ከ50 ሜትር በላይ መንቀሳቀስ አለመቻል አንዱ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መዛኙ የሚያየው በእግር መሄድን ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚገፋ ዊልቸርንም ነው። ስለዚህ ትከሻ፣ እጅ፣ ልብ ወይም ትንፋሽ ዊልቸር መግፋት የማይፈቅድ ከሆነ ይህ በግልጽ ይጻፍ። ፒፕ የሚባለውን ሌላውን የአካል ጉዳት ድጎማ ማግኘትም እዚህ ውጤት ላይ በቀጥታ አያደርስም፤ መመዘኛዎቹ የተለያዩ ናቸው።

ከዚህም በላይ «የከባድ ሁኔታ መመዘኛ» አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን የሚያሟላ ሰው ዳግም አይመዘንም። አራት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ ከመግለጫዎቹ አንዱ ሁልጊዜ መሟላቱ፣ ችግሩ የዕድሜ ልክ መሆኑ፣ ይሻሻላል ተብሎ በእውነት የማይጠበቅ መሆኑ፣ በኤንኤችኤስ (በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ) ሕክምና ውስጥ በግልጽ የተመረመረ መሆኑ። አሁን ገንዘብም የሚወስነው ይኸው ነው። ከኤፕሪል 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ጠያቂዎች ተጨማሪው ክፍያ በወር ወደ 217 ፓውንድ ገደማ ዝቅ ብሏል፤ መመዘኛውን የሚያሟሉ ግን ከ420 ፓውንድ በላይ የሆነውን ያገኛሉ።

ትልቁ እንቅፋት «ሁልጊዜ» የምትለዋ ቃል ናት። ለተለመደው ምዘና ብዙውን ጊዜ አለመቻል ሊበቃ ይችላል፤ ለዚህኛው አይበቃም። ከፍና ዝቅ የሚል ሕመም ያለባቸው፣ በተለይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ ሕይወታቸው የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን እዚህ ይወድቃሉ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ። መግለጫ ሳያሟሉ ሥራ ለጤናቸው ከባድ አደጋ ስለሆነ ብቻ ነጻ የተደረጉትም በዚህ መመዘኛ አይገቡም።

ለዚህ መመዘኛ የተለየ ማመልከቻ የለም፤ መረጃው ዩሲ50 ላይ መገኘት አለበት። «እጄ ደካማ ነው» ከማለት «ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለቱም እጄ የስልክ ቁልፍ መጫንም ሆነ የመጽሐፍ ገጽ መግለጥ አልቻልኩም፤ ጥሩ የምለው ቀንም የለም» ይሻላል። እውነቱ ይህ ከሆነ ማለት ነው። ከስፔሻሊስት ሐኪሙም የሚጠየቀው የበሽታውን ስም የሚደግም ደብዳቤ ሳይሆን፣ ምን ሕክምና እንደተሞከረ፣ ምን እንደቀረና ለውጥ የማይጠበቀው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ነው።

ሕይወቱ ከ12 ወር በላይ ላይቀጥል ይችላል ለተባለ ሕመምተኛ መንገዱ ሌላ ነው። ሐኪሙ ኤስአር1 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፤ መጠይቅም ሦስት ወር መጠበቅም አይኖርም።

በስልክም ሆነ በአካል ለሚደረግ ምዘና የአማርኛ አስተርጓሚ ቀጠሮው ሲያዝ ይጠየቅ። ቤተሰብ ሲያስተረጉም ነውር የሚባሉት ነገሮች ይታለፋሉ፤ ሽንትና ሰገራ አለመቆጣጠር ደግሞ ራሱን የቻለ መግለጫ ነው። ጉዳዩን ራሱ መከታተል ለማይችል ሰው የቤተሰብ አባል ድጎማውን በሚከፍለው መሥሪያ ቤት (ዲደብሊውፒ) ተወካይ ሆኖ ሊሾምለት ይችላል። ውሳኔው ስህተት ከመሰለ በ1 ወር ውስጥ ዳግም እንዲታይ መጠየቅ፣ ካልተለወጠም በሌላ 1 ወር ውስጥ ለትሪቡናል ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ከይግባኙ ጋር የመዛኙ ሪፖርት ቅጂ ተወስዶ የተሳሳተው መልስ በአንቀጽ በአንቀጽ ይጠቀስ።