ለሜሎን 5 ሚሊዮን የን የሚከፍሉት አብደው ነው?

ከአዲስ አበባ በየጊዜው የሚላክልኝ ቪዲዮ አለ። ሁለት ሜሎኖች በእንጨት ሳጥን ተቀምጠዋል፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች ከበዋቸዋል፣ ከሥር «ጃፓኖች ለይቶላቸዋል» የሚል ጽሑፍ አለ። ላኪው «የእውነት ነው እንዴ?» ይለኛል። የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰሜን ጃፓን ካለችው ከዩባሪ ከተማ የመጡ ሁለት ሜሎኖች ሳፖሮ ከተማ ጨረታ ላይ በ5 ሚሊዮን የን ተሸጠዋል።

እኔን የሚጠይቁኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ቶክዮ በተማሪ ቪዛ ስኖር እንጀራዬ ፍራፍሬ ማሸግ ነበር። ተማሪ በትምህርት ጊዜ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሰው ያገኘውን ይይዛል። እኔ የደረሰኝ የአንድ ትልቅ መደብር ምድር ቤት ነው። እዚህ አገር የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት የምግብ ዓለም ነው፤ ኬኩ፣ ዓሣው፣ ሻዩ፣ ፍራፍሬው ሁሉ እዚያ ነው። እናቴ ስትሰማ «ፍራፍሬ ልትሸጥ ነው እዚያ ድረስ የሄድከው? አትክልት ተራ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

ከሁሉም መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ዋጋው ነው። አንድ ሜሎን፣ አንድ ብቻ፣ ከ10 ሺህ የን በላይ። ከሙሉ ቀን ደሞዜ ይበልጣል። ሥራውን ያስተማሩኝ እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ ሜሎኑን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ነበር የሚያነሱት። አናቱ ላይ ከሐረጉ ሲቆረጥ አብሮት የቀረ አጭር አግዳሚ ቀንበጥ አለ። እሱ ከተሰበረ ሜሎኑ ከስጦታ ሳጥን ይወጣል። ጣዕሙ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ያው አይደለም።

ደንበኛ ሲመጣ የሚጠየቀው ጥያቄ ይገርመኝ ነበር። «መቼ ነው የሚበላው?» ቅዳሜ ከተባለ ለቅዳሜ የሚበስለው ተመርጦ ይሰጣል። ከዚያ ወረቀቱ በሥርዓት ይታጠፋል፣ የሰጪው ስም በላዩ ይጻፋል። ለራሴ ልብላው ብሎ የሚገዛ ብዙ አላየሁም። ጃፓናዊውም ለዘወትር የሚበላው እንደኛው ሙዝ ነው፤ አብዛኛው ከፊሊፒንስ የሚመጣ ርካሽ ሙዝ።

ታዲያ ያንን ሁሉ ብር የሚከፍለው ለምንድን ነው? ግማሹ መልስ ገበሬው ዘንድ ነው። በሺዙኦካ ግዛት ክራውን የሚባለው ሜሎን በግሪን ሀውስ ይበቅላል። ከአንድ ተክል የሚወሰደው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ፍሬዎች እንዲይዙ ይደረጋል፤ ትንሽ ሲያድጉ ደህናው ይመረጥና ሌሎቹ ይቆረጣሉ፣ ኋላም በጨው ተዘፍዝፈው ይበላሉ። የተክሉ ጉልበት በሙሉ ወደ ቀረው ይሄዳል። ቆዳው ላይ የምናየው መረብ የሚመስል ነገር ጠባሳ ነው። ውስጡ ከቆዳው ፈጥኖ ሲያድግ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ሲድን መረብ ይሆናል። ገበሬው ጓንት አድርጎ ፍሬውን አንድ በአንድ ያሻል፣ መረቡ እኩል እንዲወጣ። አስቡት፣ በእጅ!

ሌላውም እንደዚያው ነው። በደቡብ ጃፓን በሚያዛኪ ግዛት ምርጡ ማንጎ አይቆረጥም። ፍሬው በመረብ ይታሰራል፣ በስሎ በራሱ ጊዜ መረቡ ውስጥ ይወድቃል። ከ350 ግራም ካነሰ ወይም የስኳር መጠኑ 15 በመቶ ካልደረሰ «የፀሐይ እንቁላል» የሚለው ስም አይሰጠውም። የኢሺካዋ ግዛቱ ሩቢ ሮማን የሚባለው ወይን ደግሞ እያንዳንዷ ፍሬ ቢያንስ 20 ግራም መሆን አለባት። አፕል አምራቾች ፍሬውን እዛፉ ላይ እንዳለ በከረጢት ይሸፍኑታል፤ በኋላ ከረጢቱን አውልቀው መሬቱ ላይ ብርሃን የሚመልስ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ፣ ከሥርም እንዲቀላ። ቀለም ለማሳመር ቅጠል የሚለቅም ገበሬ መኖሩን ለአጎቴ በስልክ ስነግረው ዘጋብኝ ማለት ይቻላል።

ግን ድካም ብቻውን ዋጋ አይሰጥም። ቢሆንማ ኖሮ የኛ ገበሬ ሀብታም ነበር። የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያስከፍለው ደግሞ ይሉኝታና ውለታ ነው። እዚህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሙቀቱ ወራትና በዓመቱ ማብቂያ፣ ለአለቃ፣ ለአስተማሪ፣ ለደንበኛ፣ ለዘመድ ስጦታ ይላካል። የታመመ ሲጠየቅም ባዶ እጅ አይኬድም። ይህ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ሆስፒታል ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥለን ስንሄድ ነው ያደግነው። በሁለት እጅ መስጠትንም ማንም አላስተማረንም። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ስጦታው ብድር አለው። ተቀባዩ ድኖ ሲወጣ የተቀበለውን ግማሽ ያህል ዋጋ ያለው ነገር ይመልሳል። ግማሹን ለማስላት ደግሞ ዋጋው መታወቅ አለበት! ሜሎን የሚመረጠው ለዚህም ይመስለኛል፤ ከየትኛው ሱቅ እንደመጣ ሳጥኑ ይናገራል፣ የሱቁን ዋጋ ሁሉም ያውቃል። ደግሞ ይበላና ያልቃል። በጠባብ የቶክዮ ቤት የአበባ ማስቀመጫና የሳህን ስብስብ ማን ያስቀምጣል?

በዚህ ንግድ ስሙ የገነነው ሴምቢኪያ ነው። ሱቁ በ1834 ሲከፈት ርካሽ ፍራፍሬ ነበር የሚሸጠው። ወደ ውድ ዕቃ የዞረው በኋላ ነው።

የቪዲዮውን ዋጋ እንመለስበት። 5 ሚሊዮን የተከፈለው የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጨረታ ግማሹ በዓል፣ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። የገዛው ድርጅት በማግስቱ ስሙ በየቴሌቪዥኑ ይወጣል፤ ለማስታወቂያ ቢከፍል ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር። ገበሬዎቹም ዓመቱን በወሬ ይጀምራሉ። በዓመቱ ኮሮና መጣና ያው ጨረታ ላይ ጥንዱ በ120 ሺህ የን ወጣ። ሜሎኑ አልተለወጠም። በ2023 ደግሞ አንድ ዘለላ ሩቢ ሮማን ወይን በ1.6 ሚሊዮን የን ተሸጧል። ተራ ገዢ ይህን ዋጋ አይከፍልም፣ አይጠየቅምም።

ዩባሪ ራሷ የምታሳዝን ከተማ ናት። የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች፤ በ1960 ገደማ ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ሰው ወጣ፣ በ2007 ከተማዋ በይፋ ከሠረች። ዛሬ ሕዝቧ ከ7 ሺህ በታች ነው። ሜሎኑ ቀረላት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቪዲዮው ላይ እንደ በፊቱ አልስቅም።

ያልተዋጠልኝ ነገርም አለ። ለአንድ እንጆሪ አንድ የስፖንጅ ጎጆ፣ ከዚያ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ቦርሳ። ማታ ማታ የማወጣው ቆሻሻ ከፍራፍሬው ይበልጥ ነበር። ትንሽ የተጫረ ፍሬ ላይ የሚፈረደው ፍርድም ያናድደኛል። ለኔ ቢጤ ግን ይህ ፍርድ ሲሳይ ነው። ጠባሳ ያለባቸው፣ የተጣመሙ፣ የተሰነጠቁ ፍሬዎች በየገጠሩ መንገድ ዳር በርካሽ ይሸጣሉ። ቶክዮ የምትመጡ ካላችሁ ከእነሱ ግዙ። ወይም መደብሩ ሊዘጋ ሲል ምድር ቤት ውረዱ፤ የቅናሽ ወረቀት የሚለጠፈው ያኔ ነው።

አሁን የምኖረው እዚሁ ቶክዮ፣ ካትሱሺካ፣ ዮትሱጊ ሰፈር ነው። ሐበሻ በዛ ያለበት አካባቢ ነው። ባለቤቴ ስትወልድ ከፎቅ በታች ያሉት ሽማግሌ ባልና ሚስት ሻይን ማስካት ወይን ይዘው መጡ። ውስጡ ዘር የለውም፣ ከነቆዳው ይበላል። ሳጥኑን ሳይ ዋጋውን ወዲያው አወቅኩት፤ ሥራዬ ነበራ። ባለቤቴ ደግሞ አጥባ በትሪ አቅርባ ለጠያቂ ሁሉ አዳረሰችው። ገንፎ ሊበሉ የመጡ ጓደኞቻችን ወይን ጨርሰው ሄዱ።

ብድሩን በይርጋጨፌ መለስን። ጃፓኖች የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» ብለው ድሮ ነው የሚያውቁት፤ ሰውዬው ገና ሳይከፈት አሽትተው ሳቁ። ቤት ጠርተንም አፈላንላቸው፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሱም አልን፣ ጠጡ። በሳምንቱ በራችን ላይ አንድ ከረጢት የአኦሞሪ አፕል ተሰቅሎ አገኘን። አሁን የኛ ተራ ነው። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ እንጋግርላቸው ትላለች፣ እኔ ማር ይሻላል ባይ ነኝ።