ለእትዬ ጉልበት የመጣው ጠብታ

ደብረ ብርሃን ከምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ ግርግር ተነሣ። አንድ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ያረጀ ውሻ አለ። ዱላ የያዙ ጎረምሶች «ዶክተር፣ ይሄ ውሻ አብዷል፤ እንገላግለው!» ይላሉ። ባለቤቱ እትዬ ውሻውን እንዳቀፉ ከጋሪው አልወርድም ብለዋል።

የልጆቹ ፍርሃት ይገባኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ጓንት አጠለቅሁ፤ ሰዉንም አራቅሁ። የክትባት ካርዱን አየሁ፤ ጊዜው አላለፈም። የነከሰውም ሰው የለም።

ውሻው ቆሞ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። ሽንቱ ሳያውቀው ጠብ ጠብ ይላል። እጄን ወደ ፊቱ ሳስጠጋ ክው ብሎ ይደነግጣል። የሰከረ ነው የሚመስለው። ምን እንደበላ ስጠይቅ እትዬ «ኧረ ምንም!» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ልጆቹ ላይ ነው። ልጆቹን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

«እትዬ፣ እኔ ሐኪም ነኝ፤ ፖሊስ አይደለሁም። የሰጡትን ካልነገሩኝ ልረዳው አልችልም።»

ከመቀነታቸው ትንሽ ብልቃጥ ፈትተው አወጡ። «ልጄ ከአሜሪካ ለጉልበቴ የላከልኝ ነው፤ ለሰው አታሳዪ ብሎኛል። ይሄም በዚህ ብርድ እንደኔ ሲያነክስ አንጀቴን በላው።»

ብልቃጡ ላይ ሲቢዲም ቲኤችሲም ተጽፏል። ሁለቱም ከካናቢስ ተክል የሚገኙ ናቸው። የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው፤ ውሻ ደግሞ በቀላሉ ይጎዳበታል። ሲቢዲ ብቻውን ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ውሾች በኪሎ 2 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ሲሰጣቸው ሕመማቸው ቀንሷል። አንዳንዶቹ ላይ ግን የጉበት ምርመራቸው ውጤት ከፍ ብሏል። ስለዚህ እትዬ ያሰቡት ከንቱ አልነበረም። ችግሩ ለሰው የተዘጋጀ፣ ቲኤችሲ ያለበት ዘይት ያለ ልክ መሰጠቱ ነው። በዚያ ላይ ካናቢስ እኛ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰው ደግሞ የፈራውን ነገር ለሐኪም ይደብቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ያ ውሻ በዱላ ያልቅለት ነበር።

ማርከሻ የለውም። ጉሉኮስ ሰቀልንለት፤ ጨለም ያለና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስተኛነው። በማግሥቱ በእግሩ ሄደ። ለጥንቃቄ ግን 10 ቀን አስረው እንዲጠብቁት ነገርኳቸው። ለመገጣጠሚያው ከሲሚንቶው ላይ አንሥተው ገለባ እንዲያነጥፉለት፣ ለሕመሙም ለውሻ የሚሆን መድኃኒት በልኩ እንድንሰጠው ተስማማን።

ይሄን ሁሉ ሲሰማ የቆየው ባለጋሪ «ለፈረሴስ አይሆንም? የፊት እግሩን ያመዋል» አለኝ። አብረን አሰላነው። ፈረሱ 250 ኪሎ ቢሆን፣ በጥናቱ ለውሾቹ በተሰጠው ልክ እንኳ በቀን 1000 ሚሊግራም ሲቢዲ ይፈልጋል። ብልቃጡ በሙሉ የያዘው ይህንኑ ያህል ነው። ፈረስ ላይ ደግሞ ጥናቱ ገና ነው፤ ስንት ቢሰጠው እንደሚሻለው በቅጡ አልታወቀም። ለውድድር ፈረሶችማ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከልክሎታል።

እግሩን አነሣሁት። ሰኮናው ይሞቃል። በመቆንጠጫ ጫን ሳደርገው ፈረሱ እግሩን መነጨቀኝ። ቆሻሻውን ስፍቅ ጥቁር ቀዳዳ አገኘሁ፤ ከፈት ሳደርገው መግል ወጣ። ባለጋሪው ብልቃጡን ረስቶ «ነገ ይሠራል?» አለ። እስኪድን ጋሪ እንዳይጎትት ነገርኩት። ከባድ ነው፤ የቤቱ እንጀራ ፈረሱ ነው። እትዬ ጣልቃ ገብተው፣ ፈረሱ ባረፈበት ቀን ሁሉ ምሳውን እሳቸው ቤት እንዲበላ አስማሉት።